ሁለት በር ያለው ሕንፃ

የምንኖርበት ሕንፃ ሁለት በር አለው። የፊተኛው በር ወደ ዋናው አስፋልት ይከፈታል፤ እሱ የገበያው በር ነው። የኋለኛው የመኪና ማቆሚያውን አቋርጦ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ የነዋሪው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ ለሰው በትክክል ማስረዳት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ግራውንዱ ላይ ልብስ፣ ስልክና ሽቶ ይሸጣል። ከዚያ በላይ ባንክና ካፌ አለ፤ ከዚያ በላይ የጥርስ ክሊኒክና ምን እንደሚሠሩ የማላውቃቸው ቢሮዎች። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደኛ ያሉ ተከራዮች እንኖራለን። ቤቴ ነው ልል ስል ገበያ ይመስለኛል። ገበያ ነው ልል ስል ደግሞ ላይ ያሰጣነው ልብስ ትዝ ይለኛል።

እናቴ የሐበሻ ልብስ ነጋዴ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ገበያ፣ ሸማ ሻጮች ጎን ለጎን በሚቀመጡበት መስመር ነበር የምትሠራው። እዚያ ሁሉም የሚሸጠው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ገዢው ከአንዷ ጠይቆ ወደ ሌላዋ ያልፋል፤ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ከሄደች ጎረቤቷ ትሸጥላታለች። ያ መስመር ፈርሶ ወደ ሕንፃው ስንገባ ሸማ የምትሸጠው እናቴ ብቻ ሆነች። ፊት ለፊታችን ስልክ የሚሸጥ ወጣት ነው፤ ከጎናችን ሽቶ የምትሸጥ ልጅ። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ግን መስታወት አለ። እናቴ ወሬ ሲያምራት በመስታወቱ ውስጥ ታያቸዋለች፤ እነሱም እጃቸውን ያወዛውዙላታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ ሥራ እስካገኝ እሷን አግዛለሁ። ከደንበኛ ጋር መከራከር ስለማልችል ማጠፍና መደርደር ነው ሥራዬ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችን ብቻ ነን። በላይ ፎቅ ያለውን ክፍል የተከራየነውም ለዚሁ ነው፤ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ከቤት ወደ ሱቅ በአሳንሰር መውረድ ትችላለች። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያናድዳት። ከዘመዶቻችን አንድም ሰው መጥቶ ሱቁን አላየላትም።

«ዘመድ የሌለኝ አስመሰሉኝ» ትል ነበር። «አንድ ሰው እንኳ መጥቶ እንኳን አደረሰሽ ቢለኝ ምን አለበት?»

«በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ እሱን ፈርተው ይሆናል» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን ደብቀው ነው የሚፈሩት?»

ነጠላ ማጠፌን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ቀን ስልክ የተደወለልኝ ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ ካርቶን ይዤ በደረጃው ስወርድ ነው። የደወለው የእናቴ አጎት ነው፤ አዘዞ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሁላችንም «አያ» እንለዋለን። አያ ስልክ ሲያወራ ይጮኻል። ያን ቀን ግን አልጮኸም።

«እናትሽ አጠገብሽ ናት?»

«የለችም አያ፣ ደረጃ ላይ ነኝ።»

«እንግዲህ ልብሽን ጠንከር አድርጊ» አለኝ።

የእናቴ ወንድም ሞቷል። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው አገራቸው፣ ጠዋት ከእርሻ ተመልሶ አረፍ እንዳለ በዚያው ቀረ። አያ ሲነግረኝ ቀብሩ እየተፈጸመ ነበር። መንገዱ አንዳንድ ቀን ክፍት፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ነው፤ ያን ቀን ዝግ ነበር። ክፍት ቢሆንም አንደርስም ነበር። ከእናቷ ልጆች የቀረላት እሱ ብቻ ነበር፤ አባቴ ሲሞት ከከብቶቹ አንዱን ሸጦ መጥቶ ወሩን ሙሉ ከእኛ ጋር የተቀመጠው እሱ ነው።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዤ መጥቼ አረዳታለሁ» አለ አያ። «እስከዚያ እንዳትሰማ። ከማንም እንዳትሰማ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። እናቴ የአባቷን ሞት የሰማችው ገበያ መሃል ነው። አንድ የአገሯ ሰው ያወቀች መስሎት፣ ሸክሙን እንደያዘ፣ «ነፍስ ይማር» ብሏት አለፈ። ቆማ ነበር፤ ለገዢ ሸማ እየዘረጋች ነበር። የያዛት ሰው አልነበረም። ያንን ስታነሳ ስለ ሞቱ ብዙም አታወራም፤ መርዶውን በዚያ ሁኔታ መስማቷን ነው የምታወራው። «እንደ ሰው ተቀምጬ፣ ሰው ከቦኝ ሳልሰማው» ትላለች። አሁን ያ ሁለተኛ እንዳይደርስባት የሚጠበቀው ከእኔ ነው። እኔ ደግሞ ውሸት ስናገር አንገቴ ድረስ የምቀላ ሰው ነኝ።

ለአያ የሕንፃውን በር አስረዳሁት። «ከኋላ በኩል ነው አያ፤ የፊቱ ጠዋት ዝግ ነው» አልኩት። መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር። «እሺ፣ እሺ፣ በሩ ላይ» አለኝና ተዘጋ።

ያን ምሽት የእናቴን ስልክ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብዬ አጥፍቼ ከልብሴ ሥር ደበቅኩት። እራት ቀርቦ አልበላልኝ አለ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

ፈገግ አለች። «ሰው ነው አይደል?»

«የምን ሰው?»

«አይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፤ እንጀራውን እየጠቀለለች። «ደረጃ ላይ ተደብቀሽ ስልክ ስታወሪ የሽቶዋ ልጅ አይታሻለች። ብትነግሪኝ አልገድልሽም። ሸጋ ልጅ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ፤ ከዚያ እናያለን።»

«አይደለም» ብል ታዲያ ምንድን ነው ልትለኝ ነው። ስለዚህ አቀረቀርኩ። እናቴ ደስ አላት። በዚያ ምሽት፣ ወንድሟ አፈር ውስጥ እያለ፣ እናቴ ለእኔ ደስ ብሏት ተኛች።

ጎህ ሳይቀድ ወርጄ የኋለኛው በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

«እንግዶች ይመጣሉ» አልኩት። «ሽማግሌዎች ናቸው። ወደ ቤት እንዳትደውል፤ ዝም ብለህ አስገባቸው።»

«ሳልደውል ማስገባት አልችልም እኮ እህቴ። ደንቡ ነው።»

«እኔ እዚህ ነኝ አይደል? ተቀባይዋ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ጥሩ» አለና መልሶ ተከናነበ።

ቀኑ ነጋ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተመለሱ፣ የዳቦ መኪና መጣ፣ አያ ግን አልመጣም። ስደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» ይለኛል። ኋላ ነው የሰማሁት፤ ያን ጊዜ ሁሉ እነሱ በፊተኛው በር ላይ፣ በአስፋልቱ በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። እኔ ከሕንፃው ጀርባ፣ እነሱ ከሕንፃው ፊት። ለአያ በር ማለት የሚታየው ትልቁ በር ነው፤ የሰው ቤት ከኋላ ይገባል ብሎ እንዴት ይጠርጥር?

ወደ ላይ ስመለስ እናቴ ለብሳ ጨርሳ ሱቅ ልትወርድ ቆማለች። ለሠርግ ልብስ የሚገዙ ሰዎች ጠዋት እንመጣለን ብለዋት ነበር።

«ትንሽ ቆዪ እማዬ፤ ቁርስ ልሥራ» አልኳት።

«ጠዋት ወጥተሽ የት ነበርሽ?» አለችኝ፤ ዓይኗ እየሳቀ። አሳንሰሩ መጣና ገባች። ተከትያት ገባሁ።

ሱቁን ከፈትን። ነጠላዎቹን አወጣሁ፣ ቀሚሶቹን ሰቀልኩ። ስልክ ቤቱ የድምፅ ማጉያውን ከፍቶ «ዛሬ ብቻ! ዛሬ ብቻ!» እያለ ቅናሽ ማስተዋወቅ ጀመረ። ከዚያ የፊቱ በር ሲከፈት ከገዢው ጋር አብረው ሲገቡ አየኋቸው። አያ ከፊት ነው፤ ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች፣ የአባቴ እህት የሆነችው አክስቴ፣ ሌሎች ሴቶችም አሉ። ፈታሾቹ የወንዶቹን ዱላ በር ላይ አስቀርተውባቸዋል። አያን ያለ ዱላ አይቼው አላውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ወለሉ ስለሚያንሸራትት ሁሉም ተጠግተው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚመጡት።

ሮጬ ላስቆማቸው ፈለግኩ። ግን ምን ልበላቸው? ወደ ቤት እንውጣ ብል እናቴ ሱቅ ውስጥ ናት። እሷን ወደ ላይ ልውሰዳት ብል ምን ብዬ? ይህን ሳስብ እናቴ አየቻቸው።

«በስመ አብ!» አለች። እጇን አጨበጨበች። «አያ! እውነት እናንተ ናችሁ? ኧረ ግቡ፣ ግቡ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!»

እየዞረች ሳመቻቸው። አንዱ ሽማግሌ እኔን አየኝ፤ እኔ አያን አየሁት፤ አያ ወለሉን አየ። ያዘጋጀው ንግግር ለቤት ነበር፤ በር አንኳኩቶ፣ እናቴ በሌሊት ልብሷ ወጥታ፣ ገና ፊታቸውን ስታይ እንድትረዳው። በጎህ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ የመጣ ሽማግሌ በራሱ ንግግር ነው። እዚህ ግን ቀኑ ረፍዷል፣ መብራቱ ቦግ ብሏል፣ «ዛሬ ብቻ! ዛሬ ብቻ!» ይላል።

«ሱቄን ልትመርቁልኝ መጣችሁ አይደል?» አለች እናቴ። «እኔ ደግሞ ሳማችሁ! ይቺ ልጅ ምስክሬ ናት። አንቺ፣ ምን ትቆሚያለሽ፣ ወንበር ከሽቶዋ ልጅ ተበደሪ እንጂ! ከካፌውም ሻይ እዘዢ።»

«ተይው ልጄ፣ አንቀመጥም» አለ አያ።

«ምነው አያ፣ ቆመህ ልትመርቅ ነው?»

«አንቺ ተቀመጪ።»

«እኔማ ስቀመጥ ነው የምውለው!»

ወንበር አመጣሁ። አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ አያም አልተቀመጠም፣ እናቴም አልተቀመጠችም። ወንበሩ መሃል ላይ ባዶውን ቆመ። ሽማግሌዎቹ የተሰቀሉትን ቀሚሶች እንደ ሥዕል ማየት ጀመሩ። አንደኛው ጥለቱን በጣቱ ነካና «የእጅ ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለምን እንደጠየቀ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እናቴ ግን የምትወደውን ወሬ አገኘች፤ የሽመናውን፣ የክሩን፣ የቀለሙን ነገር ታወራ ጀመር። እያንዳንዱን እያወረደች በእጃቸው ታስይዛቸዋለች። ሽማግሌዎቹ ነጠላ ተሸክመው ቆሙ።

እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ትቀመጥ፤ ምናለ ብትቀመጥ።

ከዚያ እናቴ አረንጓዴ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላ አውጥታ ለአክስቴ ሰጠቻት።

«እታለም፣ ይሄ ላንቺ ነው። ስጦታ ነው። በይ ልበሺውና መስታወቱ ጋ ቁሚልኝ።»

አክስቴ ተቀበለቻት። መስታወቱ ፊት ቆማ ነጠላውን ዘረጋች፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ በአንገቷ ዙሪያ አዞረችው። ነጠላ ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሆን ብላ አይመስለኝም። ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ የመጣችበትን ጉዳይ እያሰበች ነበር፤ እጇም የሚያውቀውን አደረገ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

እናቴ ሳቀች። «ውይ እታለም! ምነው አዘቀዘቅሽው? ሰው የሞተብሽ መሰልሽ እኮ!»

ማንም አልሳቀም።

እናቴም የመጨረሻዋን ሳቅ አልጨረሰቻትም። መስታወቱ ትልቅ ነው፤ ሁላችንም ውስጡ ነበርን። ዘወር አላለችም። በመስታወቱ ውስጥ አንድ በአንድ አየችን፤ አያን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሴቶቹን፣ በመጨረሻም እኔን። እኔ ላይ ቆየች። ትናንት ማታ ያየችውን ፊት አሁን እንደ አዲስ እያነበበችው እንደነበር ገባኝ።

«ማነው?» አለች።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አለ አያ።

«ማነው አልኩ?»

«ተቀመጪ ብያለሁ!» አያ አሁን ጮኸ። እጁ ዱላውን ፈለገ።

ተቀመጠች። ሴቶቹ ከግራና ቀኝ ያዟት። አያ ከፊቷ በርከክ አለና «ወንድምሽ አርፏል» አላት።

ለቅሶ በዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ጣሪያው እስከ ላይኛው ፎቅ መሃሉ ክፍት ነው፤ ድምፁ ወጥቶ እንደገና ይመለሳል። የእናቴ ጩኸት ከላይ ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ባንኩ በረንዳ ላይ ሰዎች አጎንብሰው አዩን። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ «ሌባ ነው? የታል? የቱ ነው?» እያለ ሽማግሌዎቹን ተመለከተ፤ ነጠላ ይዘው ቆመዋላ። የስልክ ቤቱ ወጣት ማጉያውን ሊያጠፋ ሲጣደፍ ይመስለኛል መጀመሪያ ድምፁን ጨመረው፤ «ዛሬ ብቻ!» ብሎ ጆሯችንን በጠሰና ዝም አለ። የሽቶዋ ልጅ ሱቋን ክፍት ትታ መጣች። ከዚያ ገዢዎቹ መጡ። ፌስታላቸውን መሬት ላይ እያስቀመጡ ገቡ።

«ማን ሞቶባት ነው?» ሲል ሰማሁ አንዱን።

«እኔ እንጃ፤ ወንድም መሰለኝ።»

«ወይኔ! ወንድም!» አለና ያው የጠየቀው ሰው ማልቀስ ጀመረ።

ማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን ጫማ ሊገዛ እንደመጣ መለየት አቃተኝ። አንዲት ሴት ብቻ ትዝ ትለኛለች። ጂንስ ሱሪና ቀይ ጫማ ነበር ያደረገችው፤ ነጠላ የላትም። ከእኛ መደርደሪያ አንድ ነጠላ አነሳች፤ አዘቅዝቃ ለበሰችው፣ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ ገብታ እናቴን ከኋላ አቀፈቻት። ጉንጯን ከእናቴ ጭንቅላት ላይ አድርጋ፣ የራሷን ወንድም እንደቀበረ ሰው አለቀሰች። ፊቷን አላየሁትም፤ ጫማዋን ነው ያየሁት። እናቴ ደግሞ ወደ ኋላ እጇን ልካ ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም።

ሕንፃው ድንኳን አይፈቅድምና ሐዘኑን የተቀመጥነው አዘዞ፣ አያ ግቢ ውስጥ ነው። ስንወጣ ሱቁን የዘጋችልን የሽቶዋ ልጅ ናት። ሐዘኑ አልቆ ስንመለስ ሁሉም ነገር ታጥፎ ተቀምጦ አገኘነው። ያ ነጠላም ታጥፎ ወንበሩ ላይ ነበር። ጥለቱ በእንባና በከንፈር ቀለም ቆሽሿል።

«የቷ ናት ይህን የለበሰችው?» አለች እናቴ።

«አላውቃትም። ቀይ ጫማ ያደረገች ናት።»

«ከማን ወገን ናት?»

«ከማንም አይደለችም መሰለኝ። ገዢ ናት።»

እናቴ ነጠላውን ገለበጠች። «ያቀፈችኝ እሷ ናት» አለች። መልሳ አጠፈችውና ጠየቀችኝ። «እኔ ስሰማ ተቀምጬ ነበር?»

«ተቀምጠሽ ነበር።»

«ብዙ ሰው ነበር አይደል?»

«ብዙ ሰው ነበር እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ደስ ያላት ይሁን ያዘነች መለየት አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ መሃል አያ ከበረከከ በኋላ ያለውን ነገር በትክክል ማስታወስ አልቻለችም፤ እኔ ደግሞ ማስታወሴን እጠራጠራለሁ። አያን ስጠይቀው፣ «ገበያ መሃል አረዳኋት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ» ይላል። አክስቴ በበኩሏ፣ «እንደዚያ ያማረ መርዶ አይቼ አላውቅም» ትላለች። የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም።

ነጠላው ታጥቦ ለብቻው ተቀምጧል። እናቴ አትሸጠውም። ሰው ለቅሶዬን ደርሶኝ የእሱን ሳልደርስ እንዴት እኖራለሁ ትላለች፤ የሴትየዋን ቤት ማወቅ ትፈልጋለች። ስለዚህ ሴት በገባች ቁጥር መጀመሪያ እግሯን ታያለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች።

በቀደም አንዲት ቀይ ጫማ ያደረገች ሴት ገባች። እናቴ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ አፈርኩ፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ? እናቴ ግን አላፈረችም።

«የኔ እመቤት፣ እኔ ወንድሜን የተረዳሁ ቀን እዚህ አልቅሰሽልኝ ነበር?»

ሴትየዋ ደነገጠች። ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየች፣ መስታወቱን አየች፣ እናቴን አየች። «እንጃ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «በርከት ያለ ለቅሶ ደርሻለሁ ዘንድሮ። እዚህ ይሁን የት፣ አላስታውስም። ብቻ ነፍስ ይማር።»

«ይማር» አለች እናቴ።

ሴትየዋ ትንሽ ቆማ፣ ምንም ሳትገዛ፣ እናቴን ጉንጯን ስማት ወጣች።

«እሷ ናት?» አለችኝ እናቴ።

«እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

«እኔም እንጃ» አለችና፣ ሴትየዋ ከዓይኗ እስክትጠፋ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።